ስለ አንድ ትርፍ ቺንጋ

በዚህ ጽሑፍ ውስጥ «እኛ» የምንለው ለማዕርግ ወይም ለትሕትና ብለን አይደለም። በአንድ መሥሪያ ቤት፣ በአንድ ፎቅ ላይ፣ አንዱ በመዝገብ ቤት፣ አንዱ በሒሳብ ክፍል፣ ሁለቱ በጠቅላላ አገልግሎት የምንሠራ አራት ባልንጀሮች ነን። ብዕሩን የያዘው ከአራቱ አንዱ ብቻ ነው፤ ዳሩ ግን የሚነገረው ጥፋት የሁላችን ነው። «እኔ» ብሎ መጻፍ ሦስቱን ነጻ ማውጣት፣ «እነርሱ» ብሎ መጻፍም ራስን ነጻ ማውጣት ስለሚሆን፣ ተመካክረን «እኛ» ማለትን መረጥን።

አራታችንን ከመሥሪያ ቤቱ ውጭ የሚያገናኘን ነገር ቮልስዋገን ነው። ይህችን ጀርባዋ የጎበጠ ትንሽ አውቶሞቢል የማያውቅ አንባቢ ያለ አይመስለንም። ሞተሯ ከኋላ፣ የዕቃ ማስቀመጫዋ ከፊት ነው፤ ጉልበቷ ከሃምሳ ፈረስ አይበልጥም፤ ውሃ አትጠጣም፣ ሞተሯ የሚቀዘቅዘው በነፋስ ብቻ ነው። በዓለም ላይ ከሃያ አንድ ሚሊዮን በላይ ከተሠራች በኋላ የመጨረሻዪቱ እ.ኤ.አ. በ2003 ዓ.ም. በሜክሲኮ አገር ከፑዌብላ ፋብሪካ ወጣች። ከዚያ ወዲህ የምትወለድ ቮልስ የለችም፤ ያሉትን እያስታመሙ ማኖር ብቻ ነው። ከእኛ አንዱ ከአባቱ ወረሳት፤ ሁለቱ በዕቁብ ገንዘብ ገዟት፤ አራተኛው ግን እንዴት እንዳገኛት በተጠየቀ ቁጥር አዲስ ታሪክ ስለሚነግረን መጠየቁን ትተናል። በ2016 ዓ.ም. በቤንዚን የሚሄድ የቤት አውቶሞቢል ከውጭ እንዳይገባ ከተከለከለ ወዲህ ጎረቤቶቻችን በኤሌክትሪክ መኪና ኮሽታ ሳያሰሙ ሲወጡ፣ እኛ ሰፈሩን ሁሉ እየቀሰቀስን ወደ ሥራችን እንሄዳለን።

የቮልስ ባለቤቶች ማኅበራችን በወር አንድ እሑድ ይሰበሰባል። በውስጡ ሐኪም አለ፣ መካኒክ አለ፣ ጡረታ የወጣ መምህር አለ፣ የልብስ ሱቅ ያላት እመቤት አለች። ነገር ግን ማንም በማዕርጉም ሆነ በስሙ አይጠራም፤ የሚጠራው መኪናው በተሠራችበት የፈረንጅ ዓመት ነው። «ስልሳ ስምንት መጣ?» «ሰባ አራት ዛሬ ቀረ፤ ልጁ ታማበት» ይባባላሉ። ለታላላቆች ከቁጥሩ በፊት «ጋሼ» ይጨመራል። የምንነጋገርበትም ቋንቋ ለብቻው ነው። ካንዴላ፣ ፍሪሲዮን፣ ካምቢዮ፣ ማርሚታ፣ ካቻቢቴ እያልን ስናወራ የሰማ ሰው፣ ጣሊያን ከአገራችን ከወጣ ከሰማንያ ዓመት በላይ ቢሆነውም የሞተሩን ሰዋስው ትቶልን እንደ ሄደ ይረዳል።

የማኅበሩ እውነተኛ ሀብት በሣጥን ያለው ገንዘብ አይደለም። ገንዘቡማ ዘወትር ከሚጠበቀው በታች ነው። ሀብቱ መዋዋስ ነው። መለዋወጫ በቀላሉ ስለማይገኝ፣ አንዱ ጋ ያለው ካርቡራተር በሌላው መኪና ላይ ሲሠራ፣ የዚያኛው ዲናሞ ደግሞ በሦስተኛው ላይ ሲዞር ይገኛል፤ ሁሉም ወደ ባለቤቱ ይመለስ ቢባል ቢያንስ አምስት መኪና ባለበት የሚቆም ይመስለናል።

ለታሪካችን የሚያስፈልገው ዕቃ ግን ቺንጋ ነው። በሌላ መኪና ቺንጋ ቢበጠስ ጥቂት መንገድ ይኬድ ይሆናል። በቮልስ ግን ዲናሞውንም፣ ሞተሩን የሚያቀዘቅዘውንም ማራገቢያ የሚያዞረው ያው አንድ ቺንጋ ነው። እርሱ በተበጠሰ ጊዜ በሾፌሩ ፊት ቀይ መብራት ይበራል፤ ያን ጊዜ ወዲያው ያላቆመ ሰው ሞተሩን በገዛ እጁ ያቃጥላል። ስለዚህ አስተዋይ የሆነ የቮልስ ባለቤት ትርፍ ቺንጋ ሳይዝ ከከተማ አይወጣም። እኛም አስተዋዮች ነን፤ ጥፋቱም የመጣው ከዚሁ ነው።

የእሽቅድምድሙን ሐሳብ ያመጣው ብዙ ዘመን በዋሽንግተን አካባቢ በታክሲ ሾፌርነት ኖሮ የተመለሰ አንድ አባላችን ነው። ከዋሽንግተን በስተ ደቡብ፣ በሜሪላንድ፣ ባድስ ክሪክ በምትባል ስፍራ «ድራግ» የሚሉትን እሽቅድምድም እየሄደ ያይ ነበር። ነገሩ ቀላል ነው፤ ሁለት መኪኖች ጎን ለጎን ቆመው ቀጥ ባለ መንገድ ላይ ሩብ ማይል፣ ማለት 402 ሜትር ያህል ይሮጣሉ፤ ኩርባ የለበትም፣ ዙርም የለበትም። በአሜሪካ ጎረምሶች በከተማ ጎዳና ላይ እየተሽቀዳደሙ ራሳቸውንም ሌላውንም ስለ ጎዱ፣ ዎሊ ፓርክስ የተባለ ሰው እ.ኤ.አ. በ1951 ዓ.ም. ማኅበር አቋቁሞ ነገሩን ከጎዳና አውጥቶ ወደ ሥርዓት አገባው። ከ1963 ጀምሮ መነሻውን የሚያስታውቁት ከላይ እስከ ታች የተደረደሩ መብራቶች ናቸው፤ እነርሱም «የገና ዛፍ» ይሏቸዋል። እጅግ ፈጣኖቹ መኪናዎች አንድ ሾፌር ከሞተበት ከ2008 ወዲህ የሚሮጡት 305 ሜትር ብቻ ነው።

እኛን የማረከን ግን ፍጥነቱ አልነበረም፤ ከየት እናመጣዋለን? የማረከን ወዳጃችን የነገረን አንድ ደንብ ነው። በአሜሪካ የሠፈር ተሽቀዳዳሚዎች ሾፌሩ ከመሮጡ በፊት «መኪናዬ ይህን መንገድ በዚህን ያህል ሰከንድ ትጨርሳለች» ብሎ ቃሉን ይሰጣል። ዝግ ያለችው መኪና በልዩነቱ መጠን ቀድማ ትለቀቃለች፤ ፈጣኒቱ ኋላ ትከተላታለች። እንዲህ ሆኖ አሮጌም አዲስም በአንድ ሜዳ ይገናኛሉ። ታዲያ አንዱ ተንኰለኛ ቀድሞ ለመለቀቅ ብሎ መኪናውን ከሆነችው በታች ቢያሳንሳትና ከሰጠው ቃል ፈጥኖ ቢገባ፣ ቀድሞ ቢደርስም እንኳ ተሸናፊ ይሆናል። ያለውን ኃይል የሸሸገ ይሸነፋል ማለት ነው። ይህን ደንብ በሰማን ጊዜ ከማንም በላይ ያጨበጨብነው እኛ አራታችን ነበርን።

ከጥምቀት በኋላ ባለው እሑድ፣ በቢሾፍቱ አጠገብ ገና ለተሽከርካሪ ያልተከፈተ አንድ አዲስ የአስፋልት መንገድ አስፈቅደን፣ አሥራ አራት ቮልሶች በማለዳ ተሰለፍን። ቁር ነበረ። በ1,900 ሜትር ከፍታ ላይ አየሩ ስለሚሳሳ ሞተር ከጉልበቱ አምስተኛውን ያህል ያጣል፤ ከሃምሳ ፈረስ ያልሞላ ሞተር ላይ አምስተኛው ሲቀነስ ምን እንደሚቀር አንባቢ ያስላ። የገና ዛፍ ስላልነበረን የልብስ ሱቅ ያላት እመቤታችን በነጭ መሐረብ ታስነሣ ነበር። ሰዓቱን በስልክ የያዘው ሐኪሙ ነው፤ በሥራው የልብ ትርታ መቁጠር የለመደ ነውና ማንም አልተከራከረውም። የአካባቢው ልጆች በመንገዱ ዳር ተደርድረው፣ ትንሽ መኪና ስታጓራ ባዩ ቁጥር ይፈነድቁ ነበር።

ከአራታችን ሦስቱ በመጀመሪያው ዙር ወደቅን፤ አራተኛውም በሁለተኛው ዙር ወደቀ፤ ቃሉ ሃያ ስድስት ሰከንድ ነበር፣ በሃያ ዘጠኝ ገባ፤ ምክንያቱን ለመስማት የፈለገ ሰው እርሱን ራሱን ይጠይቅ። ስለዚህ ተስፋችንን ሁሉ በጋሼ ስልሳ ሰባት ላይ ጣልን። ጋሼ ስልሳ ሰባት ጡረታ የወጡት መምህር ናቸው። ሰማያዊ ቮልሳቸውን ከገዟት ከአርባ ዓመት በላይ ሆኗቸዋል፤ ቃላቸውንም ሃያ ሰባት ሰከንድ ብለው ሰጡ፤ ሁለት ጊዜ ሮጠው ሁለቱንም ጊዜ በሃያ ሰባት ከጥቂት ሽርፍራፊ ገቡ። ልጅነታችንን በእንዲህ ያሉ መምህራን እጅ ያሳለፍን ስለሆንን እንወዳቸዋለን።

በቀጣዩ ዙር ከእርሳቸው ጋር የሚሮጠው ስልሳ ዘጠኝ ነበረ። ይህ ወጣት የአጎቱን መኪና ከዛገችበት አውጥቶ በሁለት ዓመት ድካም ያስነሣት፣ ገና ወደ ማኅበሩ ከገባ ሦስት ወር ያልሞላው ልጅ ነው። ወደ መነሻው መስመር ሲጠጋ ከኋላ አንድ ነገር ተገረፈ፤ ሞተሩም ወዲያው ጠፋ። ልጁ ወርዶ ኮፈኑን ከፈተ፤ እንደ ሞተ እባብ የተጠማዘዘውን ቺንጋ በጣቱ አንሥቶ አሳየን።

«ወንድሞቼ፣ ትርፍ ቺንጋ የያዘ አለ?» አለ።

እንግዲህ የምንናዘዘው ይህን ነው። ከአራቱ መኪኖቻችን በሁለቱ ውስጥ፣ በፊት ኮፈን ሥር፣ ከነወረቀቱ የተቀመጠ አዲስ ቺንጋ ነበረ። ሁለታችን ዕቃው እንዳለን እናውቃለን፤ ሁለታችን ደግሞ ባልንጀሮቻችን እንዳላቸው እናውቃለን። አራታችንም ዝም አልን። አንዱ መሬት አየ፤ አንዱ የስልኩን መስተዋት አበሰ፤ አንዱ እንደ ሌላው ሰው ሁሉ ወዲያና ወዲህ እየተገላመጠ የሚሰጥ ሰው የሚፈልግ መሰለ፤ ይህ የመጨረሻው ከሁሉ የከፋ ነበር።

ምክንያት አልነበረንም አይባልም። አንደኛው ቺንጋውን ያገኘው ከውጭ ለሚመጣ ዘመድ አደራ ብሎ ወራት ከጠበቀ በኋላ ነው። ሁለተኛው በሚቀጥለው ሳምንት ለተዝካር ጎጃም ይወርድ ነበር፤ የዓባይን በረሃ ያለ ትርፍ ቺንጋ መሻገር ደግሞ ሞኝነት ነው። ከሁሉም በላይ ግን፣ ልጁ ካልሮጠ ጋሼ ያልፋሉ ብለን አሰብን። እኛ ዝም ያልነው ለራሳችን ሳይሆን ለእርሳቸው መሆኑ ነው! ሰው በልቡ ውስጥ እንዲህ ያለውን ጠበቃ በምን ፍጥነት እንደሚያቆም ያን ቀን አየን። ከጥያቄው እስከ መልሱ የነበረው ጊዜ ሃያ ሰባት ሰከንድ አይሞላም።

መልሱን ያመጡት ራሳቸው ጋሼ ስልሳ ሰባት ናቸው። ከመኪናቸው ወርደው፣ የፊቱን ኮፈን ከፍተው፣ በጨርቅ የተጠቀለለ ቺንጋ ይዘው መጡ።

«ባለ ሃያ አንድ ቁልፍ አለህ?» አሉት ልጁን።

«አለኝ ጋሼ፤ ግን እኮ ከእርስዎ ጋር ነው የምሮጠው።»

«ታዲያ ከማን ጋር ልሩጥ? ብቻዬን?» ብለው ተንበረከኩ።

ማንም መኪናቸውን የሚያውቅ ሰው፣ ሞተራቸው ላይ ያለው ቺንጋ አርጅቶ እንደ ላላ፣ ለማጥበቅም በፑሌጃው መካከል ያሉትን ሮንዴላዎች አንድ በአንድ አውጥተው እንደ ጨረሱ ያውቃል። እኛም እናውቅ ነበር። የሰጡት ትርፋቸውን ሳይሆን መመለሻቸውን ነው። ቺንጋው በሩብ ሰዓት ተገጠመ። ከዚያም መሐረቡ ወረደ፤ ሰማያዊቱ ሁለት ሰከንድ ቀድማ ተነሣች፤ የልጁ ክሬም ቮልስ እያፏጨች ተከተለቻት፤ በመጨረሻው ሃምሳ ሜትር ላይ ደርሳባት በአንድ አፍንጫ ቀደመቻት። ጋሼ በመስኮታቸው እጃቸውን አውጥተው የልጁን መኪና ጣራ በመዳፋቸው ሲመቱ ከሩቅ ሰማን። ልጁ በኋላ የቀኑ አሸናፊ ሆኖ ሽልማቱን፣ ማለት አንድ ጣሳ የሞተር ዘይት ተቀበለ።

ምሳውን ከሐይቁ አፋፍ ላይ በላን። እንዲህ ያለ ቀን ጣዕሙ በሩጫው ላይ ሳይሆን ከሩጫው በኋላ እንደሆነ የሚያውቀው የነበረበት ሰው ነው። እጅ በሳሙና ቢታጠብም ጥፍር ውስጥ ዘይት ይቀራል፤ ያው ጥፍር ከአንድ ትሪ ይቆርሳል። ጥብሱ እየተንጫጫ መጣ፤ ሾፌሮች ነንና በየፊታችን የቆመው አምቦ ውሃ ነው፤ ይሁን እንጂ ጨዋታው ጠጅ የተጠጣበትን ያህል ሞቀ። ሃያ ሰባት ሰከንድ የፈጀው ሩጫ ለመተረክ ግማሽ ሰዓት ይፈጅ ነበር። ብርጭቆዎች መኪና ሆኑ፤ የጨው ዕቃው የመነሻ መስመር ሆነ፤ ሐኪሙ ፍሪሲዮን እንዴት እንደሚለቀቅ በሹካ አሳየ፤ መካኒኩም ስለ ደም ግፊት መከረው። ከዋሽንግተን የመጣው ወዳጃችን በባድስ ክሪክም ከሩጫ በኋላ ሰው እንዲሁ በየመኪናው ጎን ሥጋ እየጠበሰ፣ ለተቀናቃኙ መሣሪያ ሲያውስ እንደሚያመሽ ነገረን። የሜሪላንዱን ነገር የተረከልን ጋሼን እያየ ነበር።

እኛ ግን ትሪው ከብዶን ነበር። ጋሼ ስልሳ ሰባት ጉርሻ ጠቅልለው «ያሸነፈኝን ልጅ ላጉርስ» ብለው አጎረሱት። ቀጥለው ወደ እኛ ዞሩ። «እናንተ ምነው ዝም አላችሁ? እኔ ተሸንፌ እናንተ ታዝናላችሁ?» እያሉ አራታችንንም በየተራ አጎረሱን፤ «አንድ ጉርሻ ያጣላል» ብለውም ሁለተኛውን ደገሙን። ያ ጉርሻ እንዴት እንደ ወረደ አንናገርም። ከእኛ አንዱ ጉሮሮውን ጠርጎ «ጋሼ፣ እንዲያው የጠዋቱ ነገር…» ሲል አስተናጋጇ የቡናውን ጢስ ይዛ ገባች፤ ሁሉም ወደ ጀበናው ዞረ፤ ነገሩም እዚያው ቀረ። ያን ጊዜ ለቡናው ምስጋና አቅርበን እንደ ነበር መካድ አንችልም።

ስንመለስ ጀምበር ጠልቃ ነበር። በአሮጌው መንገድ በዱከም አድርገን ተነሣን። ቢሾፍቱ ከአዲስ አበባ ዝቅ ያለች ስለሆነች መመለሻው ሽቅብ ነው፤ ሞተርም ይሞቃል። ሳንነጋገር አራታችንም ከሰማያዊቱ ኋላ ሆንን፤ ማንም እንዲቀድመን አልፈቀድንም። ከኋላዋ ያለችው አንዲት ደብዛዛ መብራት በፊታችን ትርገበገብ ነበር። ቺንጋው እንዳይበጠስ እየጸለይን ነበርን ወይስ እንዲበጠስ እየተመኘን፣ እስከ ዛሬ ድረስ ተከራክረን አልተስማማንም።

ከገላን አለፍ እንዳልን መብራቷ ወደ ቀኝ ዘንበል ብላ ቆመች።

ስንደርስ ጋሼ ኮፈኑን ከፍተው እጃቸውን ወደ ኋላ አጣምረው ቆመዋል። ከእኛ በፊት አንድ የሚኒባስ ሾፌር ደርሶ፣ ራዲያተር የፈላባቸው መስሎት፣ ደግ ሰው ነውና ባለ አምስት ሊትር ጀሪካን ውሃ ይዞ ሞተሩን ዙሪያውን ይፈልጋል። «ውሃ አትጠጣም ልጄ» ይሉታል ሳቅ እያሉ። «ቺንጋዋ ነው። ትርፍ ነበረኝ፣ ዛሬ አዋስኩት።»

ሁለታችን ሮጠን ሁለት ቺንጋ ይዘን መጣን። ሁለቱም ከነወረቀታቸው ነበሩ። ሳናስበው ባንድ ጊዜ ዘረጋንላቸው።

ጋሼ በስልኮቻችን ብርሃን ዕቃዎቹን አዩ፤ ከዚያ ፊታችንን አዩ።

«ሁለት?» አሉ።

ከዚያ በላይ አልተናገሩም። የመዝገብ ቤቱ ባልንጀራችን «ጋሼ፣ ጠዋትም ነበረን» አለ፤ ድምፁ የእርሱ አይመስልም ነበር። ጋሼ አንዱን ቺንጋ ተቀብለው ወረቀቱን ላጡ፤ «ይህን ካቻቢቴ ፑሌጃው ላይ ደግፈህ ያዝልኝ፤ እናንተ አብሩልኝ» አሉ። አበራን። ሞተሩ እስኪበርድ ቆየን፤ ከባድ መኪኖች አጠገባችን ሲያልፉ መሬቱ ይንቀጠቀጥ ነበር። ጋሼ መፍቻቸውን ሲያሳርፉ አንድ ጊዜ ዞር ብለው ከኋላ ወደ ቆሙት መኪኖቻችን አዩ፤ የስልሳ ስምንቱ ኮፈን ክፍት ነበረና ለጥቂት ጊዜ ጆሮአቸውን ወደ ሞተሩ ዘንበል አደረጉ። እኛ ስለ እኛ የሚያስቡ መስሎን አንገታችንን ደፋን። ሥራው ሲያልቅ የሚኒባሱ ሾፌር «በሉ እንግዲህ ውሃው ለዚህ ይሁን» ብሎ አስታጠባቸው። አመሰገኑት፤ እኛንም «ነገ ቢሮ ትገባላችሁ፣ አይምሽባችሁ» ብለው ተነሡ። እስከ ቃሊቲ ተከተልናቸው፤ ከዚያ በየመንገዳችን ተለያየን።

ሰኞም ማክሰኞም በቢሮ ስንገናኝ ስለዚህ ነገር አልተነጋገርንም። ቢቆጡን፣ ወይም በስብሰባ ላይ ቢያነሡብን ይሻለን ነበር፤ ቢያንስ የምንከራከርበት እናገኝ ነበር። ረቡዕ ከምሳ ስንመለስ የበር ጠባቂው በጋዜጣ የተጠቀለለ ዕቃ ሰጠን። አንድ ሽማግሌ ሰው ትተውት እንደ ሄዱ፣ ግቡ ቢላቸውም «ሥራ ላይ ናቸው» ብለው እምቢ እንዳሉ ነገረን።

ጋዜጣውን ስንፈታው አዲስ ቺንጋ ሆኖ አገኘነው። ከቺንጋው ጋር ሁለት ሮንዴላዎች በክር ታስረዋል፤ በክሩ ላይ በቀይ እስክርቢቶ የተጻፈ ቁራጭ ወረቀት አለ። የእጅ ጽሑፉ የጥቁር ሰሌዳ ጽሑፍ ነው፣ ፊደሉ ሁሉ ቀጥ ብሎ የቆመ።

«የባለ ስልሳ ስምንቱ ቺንጋ ላልቷል፤ እሑድ ማታ በድምፁ አውቄዋለሁ። አንዱ ሮንዴላ ከመካከል ወጥቶ ከውጭ ይግባ። ጎጃም ከመውረዱ በፊት ይሁን።»

ያን ዕለት ከሥራ በኋላ በመሥሪያ ቤቱ ግቢ ውስጥ ኮፈኑን ከፈትን። በእርግጥም ላልቶ ነበር። አንዱ ካቻቢቴውን ደገፈ፣ አንዱ ፈታ፣ ሁለቱ አበራን፤ ሮንዴላውን አውጥተን ከውጭ አገባነው።